ሰልዋ ጫማዋን ያላወለቀች ቀን

ውድ አብዱልመሊክ፣

ባለፈው ሳምንት ስደውልልህ ገና «ሃሎ» ከማለቴ «ዘነቡ ነሽ? ድምፅሽ እንዳለ ነው» አልከኝ። እኔ ደግሞ ስዘጋጅበት የሰነበትኩትን ይቅርታ እንደ ተማሪ በቃሌ ማነብነብ ጀመርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ አቋረጥከኝ።

«ቆይ፣ ቆይ። ስድቡን ስንት ሰው ነው ያነበበው?»

«የመጽሔቱ አንባቢ ሁሉ» አልኩህ። ምን ልበል?

«ታዲያ ይቅርታውን እኔ ብቻዬን ደሴ ተቀምጬ በስልክ ልስማው? ጻፊው እንጂ! ያውም እዚያው ገጽ ላይ» ብለህ ሳቅክ።

አብዱ፣ ያን ሳቅ ስሰማ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ከመጋቢት ወር ጀምሮ ደረቴ ላይ ቁጭ ብሎ የነበረ ነገር ተነስቶ ሄደ። እንግዲህ እንዳልከኝ እየጻፍኩ ነው። አንባቢዎቼም አብረውህ ስለሚያነቡት፣ አንተ አሳምረህ የምታውቀውንም ነገር እደግመዋለሁ። ታገሠኝ። ዝርዝር እንደምወድ መቼም ታውቃለህ።

ለማያውቁህ ልንገራቸው። አብዱልመሊክ የሲን የአፍንጮ በር ልጅ ነው። ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ይበልጠኝ ነበር። በሰፈር ኳስ ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሁሉ እያነከሰ እሱ ዘንድ ነበር የሚሄደው፤ እሱም የእናቱን ሻሽ ሳያስፈቅድ አውጥቶ ያስርለታል። ሻሽ ባለቀ ቁጥር እናቱ በሰፈሩ እየዞሩ ከልጆች እግር ላይ ሲፈቱ አይቻለሁ። ኋላ ተምሮ ፊዚዮቴራፒስት ሆነና በሻሽ የጀመረውን በፋሻ ቀጠለ። ሴት ልጅ ዝም ብላ የምትወደው ዓይነት ሰው ነው ልል ነበር፤ ባለቤትህ ስለምታነበው ትቼዋለሁ።

ሰልዋን ደግሞ እንዲህ አውቋት። የጫማ ሰፊው የጋሽ እንድሪስ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በሦስት ዓመቷ ትኩሳት ሲይዛት የተወጋችው መርፌ ነርቭ ነካና ግራ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በታች አልታዘዝ አለ። እያደገችም ስትሄድ ያ እግር ከሌላው ቀጠነ፣ አጠረም። ጋሽ እንድሪስ ፒያሳ የነበረችው ሱቃቸው ሳትፈርስም፣ ፈርሳ ወደ አፍንጮ በር ከመጡም በኋላ፣ በየዓመቱ ለልጃቸው አንድ ጫማ ይሠራሉ። ከውስጥ በቡሽ ከፍ ይላል፤ ጎንና ጎኑን ደረቅ ቆዳ ይይዘዋል። ከውጭ ላየው ከሌላው ጫማ የሚለየው ነገር የለም። ያ ጫማ በጣም ጥሩ ሥራ ከመሆኑ የተነሳ፣ የሰው ጓዳ ሳላንኳኳ የምገባው እኔ እንኳ ሃያ ዓመት ሙሉ «ትንሽ እግሯን ሳብ ታደርጋለች» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ወደ ውኃ ያስገባሃት አንተ ነህ። «መሬት ላይ የከበደሽን ውኃው ያግዝሽ» ብለህ ወደ አንድ ሆቴል ገንዳ ላክሃት። እሷም ገብታ አልወጣም አለች። ከዚያ ብስክሌት መጣ። አምስት ኪሎን በብስክሌት እያለከለከች ስትወጣ ባለታክሲዎቹ «አይዞሽ እህቴ፣ ጎማውን እንግፋልሽ?» ይሏታል፤ እሷም «መጀመሪያ የራስህን መኪና አስነሳ!» ትላለች። እንዲህ እንዲህ ስትል ነው የትራያትሎን ማኅበሩ ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ሊጀምር ነው የሚባል ወሬ የመጣው። ትራያትሎን ማለት በአንድ ጠዋት መዋኘት፣ ሳያርፉ ብስክሌት መንዳት፣ ሳያርፉ መሮጥ ነው። እኔ አንዱንም ስለማልችል ሦስቱንም አደንቃለሁ።

አሁን ወደ ምድቡ ልምጣ፤ የተሳሳትነው እዚያ ነውና። ጣቶቹን ያጣ ሰውና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው ለአንድ ሜዳሊያ ቢሮጡ ውጤቱ ገና ሳይጀመር ይታወቃል። ስለዚህ የጉዳታቸው ክብደት የሚቀራረቡት አንድ ላይ ይመደባሉ። ቆመው ለሚወዳደሩት ምድቡ ከሁለት እስከ አምስት ነው። ሁለት ከባዱ ጉዳት፣ አምስት ቀላሉ። አንድ ሰው ሠርቶ ማሸነፍ እንዲችል መጀመሪያ በቦታው መቆም አለበት ማለት ነው። ይህን ዛሬ እንዲህ በቀላሉ እጽፈዋለሁ። ኅዳር ላይ ግን እኔም፣ ጋሽ እንድሪስም፣ ሰፈሩም በሙሉ ምድቡ የሚለይበትን ምርመራ ያየነው እንደ ፈተና ነበር። የሚታለፍ፣ የሚወደቅ ነገር መስሎን ነበር።

«ሰልዋዬ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ» አልኳት በዋዜማው። «ደካማ ናት ብለው እንዳይመልሱሽ። አንገትሽን ቀና፣ ትከሻሽን ሰብሰብ።»

«እትዬ ዘነቡ፣ ለሽማግሌ ነው እንዴ የምታዘጋጂኝ?»

«ከሽማግሌም ይብሳል! እነዚህ ማኅተም አላቸው።»

ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ለዚያ ቀን ብለው አዲስ ጫማ ሠሩላት። ቡናማ፣ ባለ ማሰሪያ። ሳምንቱን ሙሉ በበረንዳው ላይ ስትመላለስ ዋለች። እኔ በር ላይ ቆሜ «አሁን ጥሩ ነው፤ አሁን ደግሞ ትንሽ ታየ» እያልኩ ዳኛዋ ነበርኩ። አብዱ፣ ለስንት ዓመት ሰው ፊት እንዳታነክስ የተማረችውን ልጅ፣ ማነከሷ እንዲታይ ወደተፈለገበት ቦታ አሠልጥኜ ላክኋት። ማነው ጥፋተኛ ብትለኝ ከዚያ በረንዳ እጀምርልሃለሁ።

የምርመራው ቀን አብሬያት እሄዳለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር። ከቤት በሰዓቱ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን ከባሏ የተጣላችውን የድሮ ጎረቤቴን አገኘኋት። ነገሩ ረጅም ነበር፤ ማኪያቶም ጠጣን። ስለዚህ እናንተ የማኅበሩ መርማሪዎች አምስት ኪሎ የተከራያችሁት አዳራሽ የደረስኩት ሰልዋ መራመድ ስትጀምር ነው። ወለሉ ላይ በኖራ መስመር ተሰምሯል። አንተና ሌሎች ሁለት ወንዶች ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣችኋል። ጋሽ እንድሪስ መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል። ሰልዋ ሃያ እርምጃ ሄደች፣ ዞራ ተመለሰች። እንዲያ ስትራመድ አይቻት አላውቅም፤ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አናቷ ላይ ብታስቀምጥላት አይፈስም ነበር። እኔም አላፍርም፣ አጨበጨብኩ። አንተ ቀና ብለህ አየኸኝና ወረቀትህ ላይ ጻፍክ።

ውጤቱ ሲመጣ አምስት ይላል።

«አምስት ከአምስት!» አሉ ጋሽ እንድሪስ፤ ለሰፈሩ ለስላሳ አዘዙ። እኔም ከፋንታዬ ጋር ደስታዬን ጠጣሁ።

ጥር ላይ ቢሾፍቱ ሐይቁ ዳር ተሰበሰብን። ሰልዋ ከውኃው ሁለተኛ ሆና ስትወጣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በብስክሌቱም ብዙ አልራቋትም። ከዚያ ሩጫው መጣ። ምድብ አምስት ውስጥ ከእሷ ጋር የነበሩት አንዷ የእጅ መዳፍ የላትም፣ አንዷ ክንዷ አይዘረጋም፤ እግራቸው ግን እንደ ልባቸው ነው። አንድ በአንድ አለፏት። የመጨረሻዋ ተወዳዳሪ ከገባች በኋላ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ጠበቅን። ሰልዋ ከመታጠፊያው ስትወጣ አዘጋጆቹ መድረሻው ላይ እንደ በር የቆመውን ትልቅ ፊኛ አየሩን እያስወጡት ነበር። ግማሹ ተኝቶ፣ ግማሹ እየተንቀጠቀጠ። ጎንበስ ብላ በሥሩ አለፈች። ጋሽ እንድሪስ ፎጣ ይዘው ሄዱና ትከሻዋ ላይ ጣሉት፤ አንድ ቃል አልተናገሩም።

እኔ ግን ተናገርኩ። ጻፍኩም። በሚቀጥለው እትም «የሃያ እርምጃው ዳኛ» ብዬ ስምህን ጠርቼ ጻፍኩብህ። አንድ ሰው ሃያ እርምጃ ስላየ የሰው ልጅ ዕድሜ ልክ ለካሁ ይላል አልኩ። «እግሯን ላየው ብሎ እንኳ አልጠየቃትም» አልኩ። «ጫማ ማስወለቅ የከበደው፣ ሜዳሊያ ማስወለቅ አልከበደውም» አልኩ። ያቺን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ራሴን እንዴት እንደወደድኩት ብነግርህ ትታዘበኛለህ።

ፒያሳ እንዴት እንደሚቀልድ ታውቃለህ። በሁለት ቀን ውስጥ ስምህ ሃያ እርምጃ ሆነ። የምናዘወትረው ካፌ ውስጥ ባንኮኒው ጋ የቆመው አስተናጋጅ «ማኪያቶው ሃያ እርምጃ ቀረው!» ይላል። አንተ ስትገባ ከኋላ ያሉት ጠረጴዛዎች «አንድ... ሁለት... ሦስት...» እያሉ እስክትቀመጥ ይቆጥራሉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ቀን አሥራ አራት ላይ ስትደርስ ቆመህ፣ ዞረህ «ስድስት ይቀራል፤ እናንተ ጨርሱት» ብለህ ወጣህ። ካፌው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ አብዱ። ከዚያ በኋላ እዚያ አልታየህም። የካቲት ሳያልቅ ከምደባ ኮሚቴው ለቅቆ ደሴ ሥራ ይዟል ተባለ። መልስ አልጻፍክም፣ ለአዘጋጁም አልደወልክም። ዝምታህን ጥፋቱን እንዳመነ ሰው ዝምታ ቆጠርኩት። ለእኔ የሚመቸኝ እሱ ነበራ።

መጋቢት መግቢያ ላይ ሰልዋ ቤቴ መጣች። ቁጭ አላለችም።

«እትዬ ዘነቡ፣ ያ የጻፍሽው ውሸት ነው።»

«የቱ?»

«ጋሽ አብዱ ጠይቆኛል። ‹ጫማሽን አውልቂ፣ ሱሪሽንም እስከ ጉልበትሽ ሰብስቢ› ብሎኛል። አንቺ ሳትመጪ በፊት። ያላወለቅኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴ! ለምን?»

«ለምን ትላለች እንዴ! አባዬ ቆሞ፣ ሦስት ወንዶች ተቀምጠው፣ ክፍሉ በር የለው! ሰው በኮሪደሩ ያልፋል። እኔ አባዬን አየሁት፣ አባዬ መስኮቱን አየ። ጋሽ አብዱ ደግሞ እኛን አየና አፈረ። ‹እሺ ግድ የለም፣ ከነጫማሽ ተራመጂ› አለኝ። ከዛ አንቺ የነገርሽኝን አስታወስኩና ቀጥ አልኩልሽ። አንቺም መጥተሽ አጨበጨብሽ። በሰውዬው ላይ ሙድ የተያዘው በእኔና በአንቺ ጦስ ነው።»

ይህን ብላ ሶፋዬ ላይ ተቀመጠችና ግራ ጫማዋን ፈታች። ካልሲዋንም አወለቀች። ሃያ ዓመት አጠገቤ ያደገችውን ልጅ እግር ያን ቀን ነው ያየሁት። «አንሺው በይኝ» አለች። «አንሺው» አልኳት። ፊቷ ሁሉ ተኮማተረ፤ እግሩ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ። የተነሣው ጉልበቷ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ አብሮህ የሚያነብ ሰው «ታዲያ ወዲያው ማስተካከያ ጻፍሽ?» ይለኝ ይሆናል። አልጻፍኩም። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ለራሴ አዘጋጁ ይቆጣል አልኩ፣ ነገሩ ተረስቷል አልኩ፣ ሰውየውም ሄዷል አልኩ። እውነቱ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው፤ ጽሑፉ ተወዶልኝ ነበር። መንገድ ላይ «ዘነቡ፣ ልክ ልኩን ነገርሽው!» የሚለኝ ሰው ነበረ፤ ያን ሰው ማጣት አልፈለግኩም። ስንት ዓመት የሰው ገመና ስጽፍ ኖሬ የራሴን ለመጻፍ ይሄን ያህል ከበደኝ።

ሰልዋ ግን እኔን አልጠበቀችም። እንደገና እንዲመረምሯት ማመልከቻ አስገባች፤ አብሬያት ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ካሣሁን ማመልከቻዋን በአንድ በኩል፣ የእኔን ጽሑፍ ቆርጠው በሌላ በኩል አስቀምጠውታል።

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ እርስዎ መርማሪው አልጠየቃትም ብለው ጽፈዋል። ልጅቷ ደግሞ ጠይቆኛል፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ ብላ ጽፋለች። ደንባችን ግልጽ ነው። ጉዳቱን ያጋነነም፣ የደበቀም ሁለት ዓመት ይታገዳል። አልጠየቃትም ካልን ጥፋቱ የመርማሪው ነው፤ እሷ ነፃ ናት። ጠይቋታል ካልን...» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። «እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል።»

አብዱ፣ ይህ እንዴት ያለ ወጥመድ እንደነበር ይታይህ። የገባሁበትን ውሸት አንዴ ብደግመው ልጅቷ ትድናለች፤ የምትጎዳው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ ቀድሞውኑ ተጎድተህ ሄደሃል። እውነቱን ብናገር ሁለት ዓመት ከውኃ ትወጣለች። ሁለት ዓመት ለሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ምን ማለት ነው! ሰልዋን አየኋት። እሷ ግን እኔን አላየችም።

«እኔ አልዋሸሁም» አለች ለሰውየው። «ጠይቆኛል።»

«እውነቷን ነው» አልኩ። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔ የደረስኩት እርምጃው ላይ ነው። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ጻፍኩ። ቀጥ በይ፣ እንዳታነክሺ ብዬ የላክኋትም እኔ ነኝ። የሚታገድ ካለ እኔን አግዱኝ።»

«እርስዎ ይዋኛሉ?» አሉኝ አቶ ካሣሁን፣ ሳይስቁ።

ከዚያ ስልካቸውን አነሱና ላንተ ደወሉ። ድምፁን ለሁላችንም ከፈቱት። እኔ መኖሬን አልነገሩህም፤ እኔም ትንፋሼን ዋጥኩ። «አብዱልመሊክ፣ ሰልዋ እንድሪስን ጫማሽን አውልቂ ብለሃታል ወይስ አላልካትም?» አሉህ። ያልከው ሁሉ ቃል በቃል አለኝ፤ ማስታወሻ መያዝ ልማዴ ነው።

«ብያታለሁ» አልክ።

«ስለዚህ ደብቃለች ማለት ነው» አሉ።

«አልደበቀችም። የምትገልጥበት ቦታ አልሰጠናትም። በር የሌለው ክፍል፣ ሦስት ወንዶች፣ አባቷ ፊት ለፊት። ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ከሰዓት። እዚያ ቦታ ላይ እግርሽን አሳዪ ማለት ለእኔ ጥያቄ ነው፤ ለእሷ ግን ጥያቄ አልነበረም። እኔም ጋሽ እንድሪስን አፈርኳቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ጫማዬን የሠሩልኝ ሰው ናቸው። ወረቀቱ ላይ ‹አልተመረመረችም› ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ አምስት ብዬ ፈረምኩ። ጥፋቱን በእኔ መዝግቡት። ልጅቷን ግን በር ባለው ክፍል እዩዋት። ሴት መርማሪ ፈልጉላት። የተቀረውን ጽፌ ትቼላችኋለሁ፤ መሳቢያህ ውስጥ ይመስለኛል።»

አቶ ካሣሁን መሳቢያቸውን በዓይናቸው ብቻ አዩት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከፈቱት። አሥራ አራት ገጽ፣ በእጅህ ጽሑፍ፣ ወደ ደሴ ከመሄድህ በፊት ባለው ቀን ተጽፎ ያለቀ። እኛ ካፌ ውስጥ እርምጃህን ስንቆጥር አንተ ይህን ስትጽፍ ነበር። እኔን የሚመለከት አንድም ቃል የለበትም፤ ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈልጌያለሁ። ምርመራው በባዶ እግር፣ አልጋ ላይ ይሁን ትላለህ። ሁለት መርማሪዎች አንዱ የሌላውን ወረቀት ሳያይ ይመዝግቡ። ከዚያ ውኃ ውስጥ ይታይ፤ መሬት ላይ የማይታይ ውኃ ውስጥ ይታያልና። ከዚያ ውድድሩ ላይ ይታይ። በውጤቱ ያልተስማማ ደግሞ በሌሎች መርማሪዎች እንደገና የመታየት መብት ይኑረው፤ ይግባኝ ማለቱም እንደ ድፍረት አይቆጠርበት። አጠገቡ ደግሞ በቀይ፦ «ክፍሉ በር ይኑረው።» ሁለት ጊዜ አስምረህበታል።

አቶ ካሣሁን እገዳውን ትተው ማመልከቻዋ ላይ «እንደገና ትታይ» ብለው ጻፉ፤ ሚያዝያ ላይ በር ያለው ክፍል ተገኘ። መርማሪዎቹ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ከእነሱ አንዷ ሉዋም የምትባል፣ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ፊዚዮቴራፒስት ናት። ጋሽ እንድሪስ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀሩ። እኔ ከሰልዋ ጋር ገባሁ፤ ማጨብጨብ ተከልክያለሁ።

ሰልዋ ጫማዋን ፈትታ አልጋው ላይ ወጣች። እንደልማዷ ደረቷን ነፋች፣ ጥርሷን ነከሰች፣ እግሯን ለማንሳት ከወገቧ ጀምራ ታገለች። ሉዋም እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገችላት።

«የኔ እህት፣ እዚህ መጎበዝ የለም። ሩጫው ላይ ትጎብዣለሽ። እዚህ እግርሽ ያለውን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ያለው ይሄው ነው» አለች ሰልዋ። «ምንም የለውም።»

«እሱን ነው የምጽፈው።»

ሰልዋ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ መጣ። ከዚያ እንደገና ሳቀች። «ሳላስመስል እንዲህ ይቀላል እንዴ!» አለች። በማግስቱ ገንዳው ውስጥ አዩዋት፤ በአንድ እግሯ እየመታች ሌላው ከኋላዋ እንደ ገመድ ሲከተል ሁለቱም ለየብቻቸው መዘገቡ። ሁለቱ ወረቀቶች ሲከፈቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ነበራቸው፤ ሦስት።

ጋሽ እንድሪስ አግዳሚው ላይ እየጠበቁን ነበር። «ስንት ሆነች?»

«ሦስት።»

«ወረደች ማለት ነው?»

«አይ ጋሽ እንድሪስ፣ ቦታዋን አገኘች።»

እግሯ ላይ ያለውን ጫማ አዩና «አንቺ ዘነቡ፣ እኔ ያን ጫማ የሠራሁት እንዳትታይ ብዬ አልነበረም፤ እንዳትወድቅ ብዬ ነው። በየት በኩል አድርጎ መደበቂያ እንደሆነ አላውቅም» አሉኝ። ሰልዋ ትከሻቸውን አቅፋ «አባዬ፣ መሮጫ ጫማ ነው የምትሠራልኝ አሁን። የሚታይ! ቀይ!» አለቻቸው።

አሁን ወደ ደስታው ልግባልህ። ግንቦት ላይ እዚያው ሐይቅ ዳር ምድብ ሦስት ውስጥ አምስት ሴቶች ነበሩ። ከሐዋሳ የመጣችው ሶፊያ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በታች የለም፤ በሰው ሠራሽ እግር ትሮጣለች። ሰልዋ ከውኃው መጀመሪያ ወጣች። ብስክሌቱ ላይ ሶፊያ ደረሰችባት። ሩጫው ላይ አንዴ ይቺ፣ አንዴ ያቺ። አብዱ፣ ማን እንደሚያሸንፍ የሚያውቅ ሰው እዚያ አልነበረም! ጥር ላይ ከመድረሻው ቆሜ ስጠብቅ ውጤቱን አውቀው ነበር፤ ግንቦት ላይ ግን የማላውቃትን ሴትዮ ክንድ ይዤ እጨምቅ ነበር። የአንተ አሥራ አራት ገጽ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለካ ይህን ሁሉ የለፋኸው፣ እኛ ዳር ቆመን ማን እንደሚቀድም ሳናውቅ እንድንጮህ ነው።

ሰልዋ በአራት ሴኮንድ ተቀደመች። ሁለተኛ ወጣች። እያነከሰች፣ በግልጽ እያነከሰች፣ አባቷም እኔም እያየናት ገባች። ከዚያ ከሶፊያ ጋር ተቃቅፈው ሳሩ ላይ ወደቁ። «በሚቀጥለው አልለቅሽም!» ስትላት፣ ሶፊያ «መጀመሪያ ተነሺ!» ትላታለች። ጥር ላይ አንድ ቃል ያልወጣቸው ጋሽ እንድሪስ ደግሞ ለማያውቁት ሰው ሁሉ «አራት ሴኮንድ! አራት ሴኮንድ ብቻ!» እያሉ ጣታቸውን ያሳያሉ። በመሸነፍ እንዲህ የሚደሰት ሰው አይቼ አላውቅም።

ዳር ቆማ ስትመዘግብ የነበረችው ሉዋም ምድቡን አጸናችው። ያንኑ ቀን ከምድብ አራት አንዲት ልጅ ይግባኝ ብላ ነበር፤ ማንም አልተቆጣትም፤ ሌሎች መርማሪዎች አይተዋት ባለችበት ጸናች። እያጉረመረመች ሄደች፤ ግን መልሷን ይዛ ሄደች። መርማሪዎችን እንድታሠለጥንላቸው አቶ ካሣሁን ሊጽፉልህ እንደሆነም ሰምቻለሁ። ከእኔ እንደሰማህ እንዳትናገር። ትመለሳለህ አትመለስም እኔ አልጠይቅህም፤ ደሴ ከተስማማችህ ደሴ ሁን።

እንግዲህ የጠየቅከኝ ይኸው፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው የፊደል መጠን። አብዱልመሊክ የሲን ሰልዋ እንድሪስን ጫማዋን እንድታወልቅ ጠይቋታል። እኔ አልጠየቃትም ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ ጻፍኩ፤ ውሸት መሆኑን ካወቅኩ በኋላም ሦስት ሳምንት ለማንም ሳልናገር፣ እስከ ዛሬ ደግሞ ሳልጽፍ ቆየሁ። እሱ ግን የሌላውንም ጥፋት በራሱ ስም አስመዝግቦ፣ ዛሬ ልጆቹ በፍትሕ የሚወዳደሩበትን ሥርዓት ጽፎ ነው የሄደው። ካፌ ውስጥ የቆጠራችሁ ሁሉ ይህንንም አንብቡ፤ እኔም ከእናንተ ጋር ነበርኩ።

ይህን ጽሑፍ ለአዘጋጁ ከመስጠቴ በፊት ላንተ ልኬዋለሁ። የበዛብህን ሰርዘው። የባለቤትህን ነገር ሰርዘው፣ የእናትህን ሻሽ ሰርዘው፣ እኔን ያመሰገንኩበት ቦታ ካለ እሱን ቀድመህ ሰርዘው። አንተን ስለማውቅህ ግን አንድ ነገር ልለምንህ፤ አፍረህ ስምህን እንዳትሰርዝ። የሰደብኩህ በስምህ ነው። ይቅርታዬም በስምህ ይሁን።

እህትህ ዘነቡ
ከፒያሳ፣ ሰኔ